ኢንጅኑ ሲሸነፍ እጅ የሚሰጠው ማነው? ማሽኑ ወይስ ባለቤቱ?

ሰኞገበያ64 (ጠያቂ)

ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት ናችሁ? ጉዳዩ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ደሴ ውስጥ ቼዝ የምንወድ፣ ኮድም የምንጽፍ ጥቂት ልጆች አለን። አንዳንዶቹ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማሩ ናቸው። ሁላችንም የየራሳችንን የቼዝ ኢንጅን፣ ማለትም ራሱ አስቦ ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም ጽፈናል። አንዱ በፓይተን፣ አንዱ በሲ ፕላስ ፕላስ፣ አንዷ ደግሞ በጃቫ። ክረምት ላይ "እናጋጥማቸው" ተባለና ውድድር አደረግን። ሁሉም ከሁሉም ጋር፣ አንዴ ነጭ አንዴ ጥቁር። ፕሮግራሞቹን ማገናኘት ስላልቻልን በእጅ ነው ያጫወትናቸው። ሁለት ላፕቶፕ፣ መሃል ላይ የእንጨት ቦርድ። የእኔ ማሽን ያለውን እርምጃ እኔ ቦርዱ ላይ አንቀሳቅሳለሁ፣ ባላጋራዬ ያንን አይቶ ማሽኑ ውስጥ ያስገባል፣ እንዲህ እየተባለ ይቀጥላል።

ጸቡ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የአንዱ ልጅ ኢንጅን ንግሥቱን በነጻ አስበላ። ትንሽ ቆይቶ ሩኩም (ከንግሥት ቀጥሎ ትልቁ ቁራጭ) ሄደ። የራሱ ስክሪን ላይ ስኮሩ፣ ማን በምን ያህል እንደሚበልጥ ኢንጅኑ የሚገምተው ቁጥር፣ ከዜሮ በታች አሥራ ምናምን ነው የሚያሳየው። "እጅ ስጥና እንቀጥል" አልነው። "ማሽኑ እጅ እሰጣለሁ አላለም፣ እኔ ምን አገባኝ?" አለ። ከኮምቦልቻ የመጡት ልጆች ሰዓት ሰዓታቸውን ያያሉ። ማታ መንገዱ ላይ ያለው ሐረጎ ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ ሚኒባስ ፍለጋ መቆም ምን እንደሚመስል የምታውቁት ታውቁታላችሁ። መብራትም አንዴ ሄዶ ስለነበር ባትሪ እየመጠነን ነው የምንጫወተው። እሱ እቴ! አንድ በአንድ፣ ቀስ ብሎ፣ እስከ ማት (ንጉሡ ማምለጫ እስኪያጣ) ድረስ አስገባት። የሚቀጥለው ዙር በጥድፊያ ተበላሸ።

በማግስቱ ደግሞ ተቃራኒው። ሌላው ልጅ ኢንጅኑ ሁለት ወታደር ሲያንሰው "በቃ፣ ተሸንፈናል" ብሎ ላፕቶፑን ዘጋ። ባላጋራው ደስ አለው። በነጥብ ከባላጋራው ጋር እኩል የነበረው ሦስተኛ ልጅ ግን ጦፈ። "ያ ጨዋታ አቻ ሊወጣ ይችል ነበር፣ ለጓደኛህ ነጥብ ሸልመኸው ሄድክ" ብሎ። ሁለቱ እስካሁን አይነጋገሩም፣ ያውም ጎረቤቶች ናቸው።

ሰው ለሰው ሲሆን ሥርዓቱን እናውቃለን። ተስፋ ከሌለህ ሰዓቱን ታቆማለህ፣ ትጨብጣለህ፣ አለቀ። ማሽን ለማሽን ሲሆንስ? እጅ መስጠት የባለቤቱ መብት ነው? ግዴታው ነው? ወይስ ጭራሽ አያገባውም? ቀጣዩ ውድድር ኮምቦልቻ ነው፣ ከፈተና በኋላ። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ላይ ብንስማማ ደስ ይለኛል።

ቦርከና_ዳር

"ማሽኑ እጅ እሰጣለሁ አላለም" ያለው ልጅ አሥር ዓመት ቢጠብቅም አይለውም። ኢንጅኖቻችሁ ዩ.ሲ.አይ በሚባለው ፕሮቶኮል (ኢንጅንና አጫዋች ፕሮግራም የሚነጋገሩበት ቋንቋ) የተጻፉ ከሆነ፣ እዚያ ውስጥ እጅ መስጫ ትእዛዝ የለም። አቻ መጠየቂያም የለም። ኢንጅኑ ፖዚሽን (የቁራጮቹ አቀማመጥ) ይሰጠዋል፣ አስቦ "ምርጡ እርምጃ ይሄ ነው" ይላል፣ እግረ መንገዱን ስኮሩን ይናገራል። ሥራው እዚህ ላይ ያበቃል። ፕሮቶኮሉን በፈረንጆቹ 2000 ያወጡት ሽቴፋን ማየር-ካህለንና ሩዶልፍ ሁበር ናቸው፤ የመጀመሪያው ሽሬደር የሚባለውን ኢንጅን የጻፈው ሰው ነው። በዚህ አሠራር ጨዋታው መቼ እንዳበቃ የሚወስነው ኢንጅኖቹን የሚያጫውተው ፕሮግራም ነው። በዊንቦርድና በኤክስቦርድ ፕሮቶኮል የሚጽፍ ሰው ግን የእጅ መስጫ ትእዛዝ አለው፣ ኢንጅኑ ራሱ ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሁላችሁም በምን ፕሮቶኮል እንደጻፋችሁ ተጠያየቁ።

ሁለተኛ፣ ለምንድን ነው በእጅ የምታስገቡት? ኪዩት ቼስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ሁለቱን ኢንጅን አንድ ላፕቶፕ ላይ ትጭናላችሁ፣ እሱ ያጫውታቸዋል። ፓይተን ይሁን ጃቫ ግድ የለውም፣ ዩ.ሲ.አይ ይናገር እንጂ። በትእዛዝ መስመር ስታስነሱት "ሪዛይን" የሚል አማራጭ አለው፤ ሁለት ቁጥር ይቀበላል። አንዱ ስኮር፣ በወታደር መቶኛ የሚቆጠር ነው፣ 600 ማለት ስድስት ወታደር ያህል። ሌላው ይሄ ስኮር ስንት እርምጃ በተከታታይ መታየት እንዳለበት ነው። 600 እና 3 ብትሰጡት፣ አንዱ ኢንጅን ሦስት ጊዜ በተከታታይ "ስድስት ወታደር ያህል ተበልጫለሁ" ካለ ጨዋታው ይዘጋል።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ እንዲሁ ከተዋችሁት የሚያየው የተሸናፊውን ስኮር ብቻ ነው። "ቱሳይድድ" የሚለውን ካበራችሁት ግን ሁለቱም መስማማት አለባቸው። አንዱ "ሞቻለሁ" ሲል ሌላው ደግሞ "አዎ፣ ገድዬሃለሁ" ማለት አለበት። ቲ.ሲ.ኢ.ሲ የሚባለው የዓለም ትልቁ የኢንጅን ውድድርም መንገዱ ይሄው ነው። የሁለቱም ስኮር ከተወሰነ ገደብ በላይ ሆኖ ለተከታታይ እርምጃዎች ከቆየ ጨዋታው ይዘጋል፣ ካልሆነ ይቀጥላል። ባለቤቶቹ ቤታቸው ተኝተው ሊሆን ይችላል፣ ማንም አይጠይቃቸውም።

ወታደሯ

ቦርከና ያለው ለስቶክፊሽና ለመሰሎቹ ታላላቅ ኢንጅኖች ልክ ነው። እዚህ ግን የምናወራው ተማሪ ስለጻፈው ኢንጅን ነው ወገኖቼ!

እኔ በበኩሌ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ውድድሮች እጅ መስጠት ጭራሽ ይከልከል ባይ ነኝ። እስከ ማት፣ እስከ 50 እርምጃ ደንብ (ቁራጭ ሳይበላ፣ ወታደርም ሳይንቀሳቀስ 50 እርምጃ ከሞላ አቻ)፣ እስከ ሦስቴ ድግግሞሽ (ያው ፖዚሽን ሦስቴ ከመጣ አቻ)። ምክንያቱም የጀማሪ ኢንጅን "አሸንፌያለሁ" ማለቱና ማሸነፉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሩክና ንጉሥ ይዞ ብቻውን የቀረ ንጉሥ ላይ ማት መስጠት ያቃተው ኢንጅን ስንት አለ! ስኮሩ ሲታይ አምስት ወታደር ይበልጣል፣ አራት አምስት እርምጃ ብቻ አርቆ ስለሚያይ ግን ማቱ አይታየውም። ንጉሡን ወደ ጠርዝ መግፋት ጥሩ እንደሆነ ካልጻፋችሁለት ሩኩን ወዲያ ወዲህ ሲያደርግ 50 እርምጃ ይሞላል። አቻ።

የባሰም አለ። ብዙ ጀማሪ የሚረሳት አንዲት መስመር አለች። ማት ሲገኝ ኢንጅኑ የሚሰጠው ስኮር ማቱ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ መቀነስ አለበት። ካልተቀነሰ፣ በአንድ የሚሰጥ ማትና በአራት የሚሰጥ ማት ለእሱ እኩል ናቸው። እንግዲህ ዛሬም "ማት አየሁ" ይላል፣ ነገም "ማት አየሁ" ይላል፣ ልክ "ሞልቷል፣ ልንሄድ ነው!" እያለ ግማሽ ቀን መነኻሪያ እንደሚያቆየን የሚኒባስ ረዳት። ስክሪኑ ላይ ትልቅ ቁጥር ተጽፏል። ተሸናፊው በዚያ ደንግጦ እጅ ከሰጠ፣ ማሸነፍ ለማይችል ፕሮግራም ሙሉ ነጥብ ሰጠ ማለት ነው። ያን ባግ (የኮድ ስህተት) ደግሞ ባለቤቱ መቼም አያገኘውም። የምንወዳደረው ባጋችንን ለማወቅ አይደል እንዴ?

ስለዚህ እስከ ማት ያስገባውን ልጅ አትውቀሱት። ጨዋታውን ቀስ አድርጎ ማስገባቱ ነው ጥፋቱ፣ እጅ አለመስጠቱ አይደለም። ሰኞገበያ ሁለቱን አትቀላቅላቸው።

ቦርከና_ዳር

የማቱ ነገር እውነትሽን ነው። ግን ሩክና ንጉሥ ላይ ሲደርሱ ሠንጠረዥ ማንበብ ይቻላል። ሲዚጂ የሚባሉት የመጨረሻ ጨዋታ ሠንጠረዦች አምስት ወይም ከዚያ ያነሰ ቁራጭ የቀረበትን ሁሉ ፈትተውታል፣ መጠናቸውም 1 ጊጋባይት አይሞላም። ኪዩት ቼስ እሱን አይቶ ራሱ ይፈርዳል። ስድስት ቁራጭ ያለው 150 ጊጋ አካባቢ ነው፣ በእኛ የሞባይል ዳታ አይታሰብም። ሰባት ቁራጩን ተዉት፣ በቴራባይት ነው የሚቆጠረው።

ወታደሯ

እሱማ ባጉን ይደብቅልሃል እንጂ! ሠንጠረዡ "ይሄ ያሸንፋል" ይላል፣ የልጁ ኢንጅን ግን አያሸንፍም። ለማን ነው የምትፈርደው፣ ለፖዚሽኑ ወይስ ለተጫዋቹ?

ቦርከና_ዳር

እሺ፣ ይሄን ለቀቅኩልሽ።

የጦሳ_ጥላ

ልጆች፣ ጨዋታችሁን ሳነብ ደስ አለኝ። ኮድ አልጽፍም፣ ቼዝ ግን ከወጣትነቴ ጀምሮ ተጫውቻለሁ። ስለ ሥርዓቱ ትንሽ ልበል።

ሰው ለሰው ሲጫወት እጅ መስጠት ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛ ለባላጋራህ "ከዚህ በኋላ እንደማትስት አምናለሁ" ማለት ነው፣ አክብሮት ነው። ሁለተኛ የራስህን ድካም መቆጠብ ነው። ማሽን አክብሮት አይሰማውም፣ አይደክምምም። ታዲያ ከሁለቱ የቀረ ነገር ካለ ማሽኑን ለያዙት ሰዎች ነው፣ ለልጆቹ፣ ለሚኒባሱ። ስለዚህ የሰዓቱ ጉዳይ በሰዓት ደንብ ይፈታ እንጂ በይሉኝታ አይፈታ።

የኛ የድሮው ሰንጠረዥ (ያገራችን ቼዝ) ጨዋታ ላይ፣ አያቶቻችን ሲጫወቱ፣ ማሸነፍ ብቻ አይበቃም ነበር። በምን ማት እንደሰጠህም ይታያል። በትልቁ ቁራጭ ገፍቶ መጨረስ እንደ ክብር አይቆጠርም፣ በትንንሾቹ አስተባብሮ የሰጠ ነው የሚመሰገነው። እንዲህ ያለ ጨዋታ ላይ ቶሎ እጅ መስጠት ባላጋራህን ክብሩን መንፈግ ይሆናል። እጅ የመስጠት ሥርዓት ሁሉም ቦታ አንድ አይደለም ለማለት ነው።

አሁን ስለ ማሽን። በፈረንጆቹ 1977 ቶሮንቶ ላይ ሁለተኛው የዓለም የኮምፒውተር ቼዝ ሻምፒዮና ሲደረግ፣ የሶቪየቱ ካይሳ ከአሜሪካኑ ዳቸስ ጋር ተጋጠመ። ካይሳ ከሦስት ዓመት በፊት ስቶክሆልም ላይ የመጀመሪያውን ሻምፒዮና ያሸነፈ ነው። ዳቸስ በንግሥት ቼክ ሰጠ። ማንም ሰው ንጉሡን አንድ እርምጃ ፈቀቅ ያደርግ ነበር። ካይሳ ግን ሩኩን መሃል አስገብቶ በነጻ አስበላ። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት፣ የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ቦትቪኒክ ሳይቀር፣ ማሽኑ ተበላሸ ብለው አሰቡ። ካይሳም ያን ጨዋታ ተሸነፈ። በኋላ ማሽኑን ሲጠይቁት ነው ጉዱ የወጣው። ንጉሡ ፈቀቅ ቢል ኖሮ ዳቸስ ንግሥቱን መስዋዕት አድርጎ ማት ይሰጠው ነበር። አዳራሽ ሙሉ ሊቃውንት ያላዩትን ማሽኑ አይቶ፣ ሞቱን በሩክ አራዘመ።

እስቲ የካይሳ ባለቤት በዚያ ቅጽበት ደንግጦ "ማሽኔ አብዷል፣ ይቅርታ" ብሎ እጅ ቢሰጥ አስቡት። ያ ሩክ ለምን እንደተሰጠ ላይጠየቅ ይችል ነበር። ላፕቶፑን የዘጋው ልጅ፣ ሁለት ወታደር ነው የጎደለው። ማሽኑ ምን እንዳየ በምን አወቀ?

ሰኞገበያ64 (ጠያቂ)

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ የካይሳን ታሪክ አላውቀውም ነበር። ሰዓትን በሰዓት ደንብ ያሉትም ገብቶኛል። እርስዎ ቢፈቅዱ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ሰውም እኮ ሳያይ እጅ ይሰጣል፣ አይደል? የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ካስፓሮቭ ራሱ ሰጥቷል ሲሉ ሰምቻለሁ።

የጦሳ_ጥላ

አዎ ልጄ። በፈረንጆቹ 1997 ኒው ዮርክ ላይ፣ ዲፕ ብሉ ከሚባለው የቼዝ ኮምፒውተር ጋር ሁለተኛው ጨዋታ። ካስፓሮቭ እጅ ሰጠ፣ ከዚያ በኋላ ተንታኞች በተከታታይ ቼክ አቻ የማውጣት መንገድ እንደነበረው አሳዩ። ማሽኑ ሁሉን አይቷል ብሎ አምኖ ነው የቆመው። ያ ነገር ውስጡ ገብቶ እንደነበር በቀሩት ጨዋታዎች ታየ ይላሉ። ስድስተኛውን በ19 እርምጃ ነው የተወው፣ ግጥሚያውንም 3.5 ለ 2.5 ተሸነፈ።

ልብ በሉ፣ የሰው ስህተት የራሱ ነው። ሲሳሳት ራሱ ይከፍላል። የማሽን ባለቤት ቸኩሎ እጅ ሲሰጥ ግን የሚሳሳተው በሌላ ተጫዋች ጨዋታ ነው፣ ተጫዋቹ እሱ አይደለምና።

ሐረጎ_ላይ

ጋሼ ጥሩ ብለዋል፣ ግን የሚከፍለው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። የሰኞገበያ ሦስተኛ ልጅ የተናደደበት ጉዳይ እሱ ነው፣ እናንተ ደግሞ ሁላችሁም ዘላችሁት አለፋችሁ።

ግራዝ፣ ኦስትሪያ፣ በፈረንጆቹ 2003። የዓለም የኮምፒውተር ቼዝ ሻምፒዮና። ሽሬደር ጆኒ ከሚባል ኢንጅን ጋር ይጫወታል። ሽሬደር እያሸነፈ ሳለ ባግ ነበረበትና ፖዚሽኑ ሦስት ጊዜ ተደገመ። የጆኒ ስክሪን ላይ "ድግግሞሽ ሆኗል" የሚል መልእክት ወጣ። ይሄን ለዳኛ ቢያሳይ አቻ ነው። የጆኒ ኦፕሬተር ግን፣ ራሱ የጻፈው ሰው ነው፣ ጨዋ ሰው ነው መቼም፣ "በባግ ምክንያት ግማሽ ነጥብ መውሰድ አይገባኝም" ብሎ ይመስላል ጨዋታውን ቀጠለ። ሽሬደር አሸነፈ። ደግ ነገር አደረገ አይደል?

ችግሩ፣ በዚያ ነጥብ ሽሬደር ፍሪትዝ ከሚባል ሌላ ኢንጅን ጋር አንደኛ ደረጃ ላይ እኩል ወጣ። ተጨማሪ ግጥሚያ ተደረገ፣ ሽሬደር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ያቺ ግማሽ ነጥብ ብትቀነስ ፍሪትዝ ብቻውን ሻምፒዮን ነበር። እዚያ ቦርድ ላይ ያልተቀመጡት የፍሪትዝ ሰዎች በሌላ ሰው ደግነት ዋንጫ አጡ። ዳኛው ውጤቱን አጸና፣ ክርክሩ ግን ለዓመታት ቀጠለ።

ስለዚህ "እጅ ብሰጥ ጨዋነት ነው፣ ባልሰጥ ብልግና ነው" የሚለው መለኪያ ራሱ እዚህ አይሠራም። ውድድር ውስጥ ያለ ነጥብ የሁለት ሰው ብቻ አይደለም። ኦፕሬተር ማለት እርምጃ የሚያስገባ፣ ማሽኑ ስለ ሰዓት ከጠየቀ የሚመልስ ሰው ነው። ከዚያ አልፎ ደግም ክፉም መሆን የለበትም። እጅ ልስጥ የሚል ካለ ለዳኛ ይናገር፣ ዳኛው ስክሪኑን አይቶ ይወስን። ላፕቶፕ መዝጋት ብሎ ነገር የለም። እኔ ዳኛ ብሆን ኖሮ ያን ልጅ ጨዋታውን ካቆመበት አስቀጥለው ነበር፣ ማሽኑ እኮ ቂም አይዝም።

ጎረቤቶቹን ደግሞ አስታርቋቸው በአላህ። በሁለት ወታደር!

አራዳ_ባጃጅ

እኔ አንዴ በባትሪ ነው የተሸነፍኩት። ስኮሬ ፕላስ ስምንት፣ ባትሪዬ 2 ፐርሰንት። ለዚህ ምን ደንብ አላችሁ?

ወታደሯ

ለአንተማ ቻርጀር ነው ደንቡ።

ቦርከና_ዳር

ሐረጎ ስለ ዳኛ ያለውን እደግፋለሁ። ግን ዳኛው በምን ይወስናል? በዓይኑ ከሆነ ጋሼ ያሉት የቶሮንቶ አዳራሽ ነው የሚደገመው። በቁጥር ነው መወሰን ያለበት፣ ቁጥሩ ደግሞ ተፈትኖ መሆን አለበት።

መፈተኛው ቀላል ነው። አልፋጎ ዜሮ የሚባለው ፕሮግራም ጎ የሚባለውን ሌላ የቦርድ ጨዋታ የሚጫወት ቢሆንም ችግሩ አንድ ነበር። ከራሱ ጋር እየተጫወተ ሲማር የሞተ ጨዋታ እየጎተተ ጊዜ እንዳያባክን እጅ ይሰጣል። ግን ሳይሞት ቢሰጥስ? ለዚያ ብለው ከጨዋታዎቹ 10 በመቶ ላይ እጅ መስጠትን አጠፉ፣ እስከ መጨረሻ አጫወቱ። እጅ ይሰጥባቸው ከነበሩት ውስጥ ስንቱን ያሸንፍ እንደነበር እያዩ፣ ያ ስህተት ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ገደቡን አስተካከሉ።

እናንተም ከውድድሩ በፊት ኢንጅኖቻችሁን ማታ ማታ አንድ ላፕቶፕ ላይ ያለ ምንም እጅ መስጠት አጫውቷቸው። ፈጣን ጨዋታ፣ ለእርምጃ ግማሽ ሰከንድም ይበቃል። ኪዩት ቼስ የየእርምጃውን ስኮር ጨዋታው በሚመዘገብበት ፒ.ጂ.ኤን ፋይል ውስጥ ይጽፍላችኋል። ከዚያ አንድ ትንሽ ስክሪፕት፦ ስኮሩ ከማይነስ 6 በታች ሦስቴ የወረደ ኢንጅን ስንት ጊዜ አቻ ወጣ ወይም አሸነፈ? ብዙ ጊዜ ከሆነ ገደቡን ወደ 10 ውሰዱት። አሁንም ብዙ ከሆነ የወታደሯን ሐሳብ ተቀበሉ፣ እስከ ማት።

ወታደሯ

አሁን ተግባባን። አንድ ነገር ጨምር ግን። የየኢንጅኑ ስኮር አንድ መለኪያ የለውም። የአንዱ 6 የሌላው 3 ሊሆን ይችላል። ስቶክፊሽ እንኳ ከ15.1 ጀምሮ፣ 2022 መጨረሻ ላይ፣ ስኮሩን ለውጦ 1.00 ማለት 50 በመቶ የማሸነፍ ዕድል እንዲሆን አደረገው። ከዚያ በፊት የነበረው 1.00 ሌላ ነበር። የእኛ ልጆች ደግሞ ንግሥትን 900 የሚሏት አሉ፣ 1200 የሚሏትም አሉ። ስለዚህ ሁለቱም ይስማሙ የሚለው የግድ ነው፣ በአንዱ ብቻ እንዳትወስኑ።

ሁለቱም ተስማምተው ሁለቱም የሚሳሳቱበትም አለ። የጠርዝ ወታደርና ቢሾፕ ይዞ፣ ቢሾፑ ወታደሩ የሚነግሥበትን ካሬ ካልነካ፣ ተከላካዩ ንጉሥ ጥጉ ላይ ከደረሰ አቻ ነው። ይሄን ያልተማሩ ሁለት ኢንጅኖች አንዱ "አራት ወታደር በለጥኩ" ይላል፣ ሌላው "አዎ በለጥከኝ" ይላል። ገደቡ 6 መሆኑ ለዚህ ይጠቅማል። ግን ያው ቢሾፕ በዚያው ጠርዝ ላይ ሁለት ሦስት ወታደር ደርድሮ ከያዘ ስኮሩ 6ም ይደርሳል፣ ጨዋታው ግን ያው አቻ ነው።

ሰኞገበያ64 (ጠያቂ)

ጀመዓ፣ አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ከልጆቹ ጋር አውርቼ የሚከተለውን ይዘናል፣ የሚጎድል ካለ ንገሩኝ።

በእጅ ማስገባት ቀርቷል፣ ሁሉም በዩ.ሲ.አይ እየጻፈ ነው፣ ኪዩት ቼስ ያጫውታል። የጃቫዋ ልጅ ብቻ ትንሽ ሥራ ቀርቷታል። በማጣሪያው ዙር እጅ መስጠት የለም፣ እስከ ማት። እዚያ ሰዓቱን አጭር እናደርጋለን፣ ለሙሉ ጨዋታ 3 ደቂቃና ለእርምጃ 1 ሰከንድ ጭማሪ፣ እንግዲህ ማንም ሚኒባስ አያመልጠውም። በፍጻሜው ሰዓቱ ስለሚረዝም 10 ወታደርና 5 እርምጃ፣ ሁለቱም ከተስማሙ፣ ይዘጋል። ቁጥሩን ቦርከና እንዳለው ማታ ማታ እየፈተንነው ነው፣ 6 ላይ ብዙ ጨዋታ ሲገለበጥ ስላየን ነው ወደ 10 የወሰድነው። ባለቤት እጅ መስጠትም፣ አቻ መጠየቅም አይችልም። ኢንጅን ከተሰናከለና ከጠፋ ተሸነፈ። ዳኛው የማይወዳደር ሰው ይሆናል፣ ጋሼ ፈቃድዎ ከሆነ እርስዎን አስበናል፣ መጓጓዣዎን እንችላለን።

የጦሳ_ጥላ

ኮምቦልቻ ወርጄ ሙቀት መሞቄ ነው፣ እመጣለሁ። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። መብራት ቢጠፋስ? "ከተሰናከለ ተሸነፈ" ብላችኋል። አንድ ላፕቶፕ ላይ ሁለቱም ካሉ ማንኛው ነው የተሰናከለው?

ሐረጎ_ላይ

ጋሼ ከወዲሁ ዳኝነት ጀመሩ!

ቦርከና_ዳር

መብራት ከሄደና ላፕቶፑ ከጠፋ የማንም ጥፋት አይደለም፣ ጨዋታው ከመጀመሪያው ይደገም። ካቆመበት ማስቀጠልም ይቻላል፣ ግን ኢንጅኖቹ ሲያስቡ ሜሞሪ ውስጥ ያጠራቀሙት ስለሚጠፋ ያው ጨዋታ አይሆንም። አንዱ ኢንጅን ብቻ ከዘጋ ግን እሱ ነው የተሸነፈው፣ ኪዩት ቼስ ራሱ ይመዘግበዋል።

አራዳ_ባጃጅ

ጄኔሬተር ያለው ሰው አውቃለሁ ኮምቦልቻ፣ ነዳጁን ግን ተካፈሉ።

ሰኞገበያ64 (ጠያቂ)

እናዋጣለን። ቁጥሩን በውስጥ ላክልኝ። ኤክስቴንሽን ያለውም ይዞ ይምጣ፣ ባለፈው የነበረው አንድ ብቻ ነበር።